ለስኳር ታማሚ የክልከላ ወረቀት ሳይሆን መለኪያ ስጡት

ባለፈው ዓመት እናቴ ከሆስፒታል ስትመለስ ሁለት ነገር ይዛ መጣች። አንዱ በፌስታል የተቋጠረ ክኒን ነው። ሁለተኛው ፎቶ ኮፒው ደብዝዞ ለማንበብ የሚያስቸግር አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ወረቀቱ ለሁለት ተከፍሏል፤ በግራ «የሚፈቀዱ»፣ በቀኝ «የሚከለከሉ» ይላል። ከሚፈቀዱት መካከል ብሮኮሊ፣ ቡናማ ሩዝ፣ ኦትሚልና የሳልመን ዓሣ አሉ። ከሚከለከሉት የመጀመሪያው መስመር ላይ የተቀመጠው ድንች ነው።

እናቴ የምትኖረው ከእንጅባራ ከተማ ትንሽ ወጣ ብሎ፣ ባንጃ ውስጥ ነው። አዊን ለማያውቅ አንባቢ ልንገረው፤ በዚያ ደጋ ድንች ከወጥ ጋር የሚቀርብ አትክልት አይደለም። ተቀቅሎ በአዋዜ ሲበላ ቁርስ ነው፣ ምሳ ነው፣ ለድንገተኛ እንግዳ የሚቀርብ ነው። በክረምት ጎተራው ሲራቆት ደግሞ ቤተሰቡን እስከ አዲሱ እህል የሚያሻግር እሱ ነው። ወረቀቱን ሳነብላት ዝም ብላ ሰማችኝና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ፦

«ታዲያ ልጄ፣ እኔ ምን ልብላ?»

መልስ አልነበረኝም። «የተባልሽውን ስሚ እንጂ፣ ሐኪም ያውቃል» አልኳት። ሰማችኝም። ድንቹን ተወች። እንጀራዋን አጋመሰች። ብሮኮሊና ሳልመን ግን እንጅባራ ገበያ ላይ ስላልነበሩ በቀነሰችው ምትክ የገባ ነገር አልነበረም። በሦስት ወር ውስጥ ቀሚሷ ሰፋት፤ ጎረቤት «ስኳር ጨረሳት» ማለት ጀመረ። ሁዳዴ ገባ። አንድ ረቡዕ ጠዋት እንደታዘዘችው ክኒኗን ውጣ ቤተ ክርስቲያን ሄደች፤ ቅዳሴው እስኪወጣ ምንም አልቀመሰችም። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ላብ አጠመቃት፣ እጇ ተንቀጠቀጠ፣ ቃላት አፏ ውስጥ ተደነቃቀፉ። ገሚሱ «ቡዳ ነው» አለ፤ ገሚሱ ጸበል ሊያመጣ ሮጠ። ያዳናት አንዲት የጎረቤት ተማሪ ናት። ገና መዋጥ ትችል ስለነበር ውሃ ውስጥ ስኳር በጥብጣ አጠጣቻት። ከሩብ ሰዓት በኋላ እናቴ ስሜን ጠራች።

ስኳር በዛብሽ የተባለች ሴት ስኳር አንሷት ልትሞት ነበር።

የዛሬው ጽሑፌ ክስ አይደለም። ሐኪሙም ነርሷም በቀን ስንት ሰው እንደሚያዩ አውቃለሁ። ላነሳው የፈለግሁት አንድ ነገር ነው። ለስኳር ሕመምተኛ «ምን ልብላ?» የሚለው ጥያቄ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም፤ የሕክምናው ግማሽ ነው። ለዚህ ጥያቄ ደግሞ ከሌላ አገር ማዕድ ተገልብጦ የመጣ ወረቀት ሊመልስ አይችልም። መመለስ የሚችለው ሰውየው የራሱን ገበታ በራሱ ደም የሚፈትንበት ትንሽ መሣሪያ ነው፤ የስኳር መለኪያ። ችግሩ መሣሪያው ሳይሆን ስትሪፑ፣ ከስትሪፑም በላይ «መቼ ልለካ? ቁጥሩን አይቼስ ምን ላድርግ?» የሚለውን የሚያስተምር መጥፋቱ ነው።

በ90 ቀን አንድ ቁጥር

አሁን ያለውን አሠራር እንመልከተው። አብዛኛው ታማሚ ክትትሉ በየአንድ ወይም በየሦስት ወሩ ነው። ጠዋት በባዶ ሆዱ ይሄዳል፣ ጣቱ ይወጋል፣ አንድ ቁጥር ካርዱ ላይ ይጻፋል። ያ ቁጥር የዚያን ቀን ጠዋት ነው። ማታ ምን እንደበላ፣ ትናንት ምን እንደነበር፣ ባለፉት ሰማንያ ዘጠኝ ቀናት ደሙ እንዴት እንደዋለ አይናገርም። የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየው ኤችቢኤዋንሲ የሚባለው ምርመራ በብዙ ጤና ጣቢያ አይገኝም።

በዚያ ላይ ሁላችንም የምናውቀው ጨዋታ አለ። ቀጠሮው ሲቃረብ ታማሚው ሁለት ቀን አስቀድሞ ምግብ ይቀንሳል። በቀጠሮው ቀን ቁጥሩ ያምራል፣ «ጎበዝ፣ በዚሁ ይቀጥሉ» ይባላል። ታማሚው ደስ ብሎት ይመለሳል። ሐኪሙ ተሸወደ ማለት ነው? አይደለም፤ የተሸወደው ታማሚው ነው። ኩላሊትና ዓይን የሚቆጥሩት የቀጠሮውን ቀን ሳይሆን ሰማንያ ዘጠኙን ቀን ነው።

ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ክልላችን ያለበትን ታውቃላችሁ። ከእንጅባራ ባሕር ዳር ወደ 120 ኪሎ ሜትር ነው፤ መንገድ ሲዘጋ ግን ርቀቱ በኪሎ ሜትር አይለካም። ቀጠሮ ያለፈበት ሰው ብዙ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ሰው ቤቱ ውስጥ ራሱን የሚያይበት ነገር ከሌለው ጨለማ ውስጥ ነው ያለው።

እናቴ ጣቷን ስትጠይቅ

ከዚያ ረቡዕ በኋላ ካናዳ ላለው የአክስቴ ልጅ ደወልኩ። መለኪያ ላከልን። የመጀመሪያውን ቀን አልረሳውም። ለካናት፤ «9.4» አለ። እናቴ ፈገግ አለች፤ «ሆስፒታል መቶ ሰማንያ ይሉኝ ነበር፣ ዘጠኝ ከገባማ ድኛለሁ!» አለች። መሣሪያው የካናዳ ነውና በሌላ መስፈሪያ ይቆጥር ነበር። እዚያ የሚታየውን ቁጥር በ18 ስታባዙት ነው እኛ አገር የለመድነው የሚመጣው፤ 9.4 ማለት ወደ 169 ነው። ውጭ አገር ያላችሁ ወገኖች፣ መለኪያ ከመላካችሁ በፊት ይህን አስቡበት። ሌላም ነገር አስቡበት፤ የአንዱ ድርጅት ስትሪፕ ለሌላው መሣሪያ አይሆንም። የተላኩልን አሥር ስትሪፖች ሲያልቁ እንጅባራም ዳንግላም ዞሬ አቻቸውን አላገኘሁም። መሣሪያው ዛሬ ቁም ሳጥን ላይ ጌጥ ሆኖ ተቀምጧል። መጨረሻ ላይ ስትሪፑ በቅርብ የሚገኝ ሌላ መሣሪያ ገዛን። ትምህርቱ ይህ ነው፦ መጀመሪያ በአካባቢያችሁ የትኛው ስትሪፕ እንደማይጠፋ ጠይቁ፤ መሣሪያውን ከዚያ በኋላ ምረጡ።

ከዚያ እንዲህ አደረግን። አንዲት ዘመድ ነርስ በስልክ መከረችን፤ «እማማ፣ በየቀኑ ጣትዎን አይብሱት። አንድ ምግብ ይምረጡ። ከመብላትዎ በፊት ይለኩ፣ መብላት ከጀመሩ ሁለት ሰዓት ሲሞላ ደግመው ይለኩ። ልዩነቱ ነው የሚነግርዎ።»

የመጀመሪያው ተከሳሽ ድንቹ ነበር። በባዶ ሆዷ አምስት የተቀቀለ ድንች በአዋዜ በላች። ከመብላቷ በፊት 138፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ 251። «አየህ፣ ወረቀቱ ልክ ነው» አለችኝ። በሦስተኛው ቀን ግን ሁለት ድንች ብቻ ከጎመንና ከባቄላ ጋር በላች፤ ከ134 ተነስቶ 172 ላይ ቆመ። ድንቹ ያው ድንች ነው። የተለወጠው ብዛቱና አብሮት የገባው ነው።

ሁለተኛው ተከሳሽ እንጀራ ነበር። ሦስት እንጀራ በድንች ወጥ አንድ ነገር ነው፤ አንድ ተኩል እንጀራ በወፍራም ሽሮ ሌላ ነገር ነው። የጾም ገበታችን ብዙውን ጊዜ ኃይል ሰጪ በኃይል ሰጪ ላይ የሚደረብበት ነው፤ እንጀራ በድንች፣ ዳቦ በሻይ። ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላና ጎመን ሲበዙ ቁጥሩ ወዲያውኑ ይለያል። የገብስ ቆሎም ከተፈራው በታች ሆኖ ተገኘ። ገብስ ውስጥ ያለው አንድ ዓይነት አሰር ስኳሩ ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት እንደሚያዘገይ የታወቀ ነው፤ የእናቴ ጣት ያንኑ አረጋገጠልን።

እውነተኛው ጥፋተኛ የተገኘው ግን በአጋጣሚ ነው። አንድ ቀን ምንም ሳትበላ ረፋዱ ላይ ለካናት፤ 229። ተደናገጥን። ምን ቀመስሽ? «ምንም፣ ቡና ብቻ።» ቡናዋን ቆጠርነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፤ በየሲኒው ሁለት ማንኪያ ስኳር። ስድስት ማንኪያ! ከሰዓት ሌላ ቤት ተጠርታ ደግሞ ሌላ ስድስት። ወረቀቱ ላይ «ስኳር» ተከልክሏል፤ ለእናቴ ግን ቡና ምግብ አይደለምና ክልከላው የሚነካው አልመሰላትም። ድንቹን ለሦስት ወር የተራበችው በቡናው ስኳር ዕዳ ነበር ማለት ነው። ስኳሩን ትታ ከዳንግላ በኩል የመጣ ማር ሞከረች፤ «ማር መድኃኒት ነው» ይባላልና። መለኪያው እንደ ዳኛ ነው፣ ዘመድ አያውቅም፤ ማሩንም ከስኳሩ ጎን አስቀመጠው። አሁን ቡናዋን ባዶውን ትጠጣለች። የመጀመሪያው ሳምንት ፊቷን አጨፍግጋ ነበር፤ ዛሬ «የቡና ጣዕም ገና አሁን ገባኝ» ትላለች።

ልብ በሉ፤ የእናቴ ቁጥር የእናቴ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የእስራኤሉ ዋይዝማን ተቋም ተመራማሪዎች 800 ሰዎችን ሰውነታቸው ላይ በተለጠፈ መለኪያ ለአንድ ሳምንት ተከታትለው ያሳዩት ይህንኑ ነው፤ ያው አንድ ምግብ በተለያየ ሰው ደም ውስጥ የሚያወጣው ስኳር በእጅጉ ይለያያል። ስለዚህ የእኔን ጽሑፍ አትማችሁ እንደ አዲስ የክልከላ ወረቀት እንዳትለጥፉት። እያንዳንዱ ታማሚ የራሱን ገበታ ይጠይቅ።

ይህን መንገድ የጀመረው ታማሚ ነው

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁልጊዜ የማስታውሰው አንድ ሰው አለ። ሪቻርድ በርንስታይን ይባላል፤ አሜሪካዊ መሐንዲስ ነበር። በ12 ዓመቱ ዓይነት አንድ የስኳር ሕመም ያዘው። ዘመኑ ሰው ራሱን በቤቱ የማይለካበት ዘመን ነው፤ መሣሪያው ከአንድ ኪሎ በላይ የሚመዝን፣ ለሐኪምና ለሆስፒታል ብቻ የሚሸጥ ነበር። በርንስታይን እ.ኤ.አ. በ1969 ሐኪም በሆነችው ባለቤቱ ስም አስገዝቶ በቀን ደጋግሞ ራሱን መለካት ጀመረ። የትኛው ምግብ ስንት እንደሚያወጣ፣ ስንት ኢንሱሊን ስንት እንደሚያወርድ እየጻፈ ደረሰበት። ያገኘውን ለሕክምና መጽሔቶች ቢልክ ሐኪም አይደለህም ተብሎ ተመለሰበት። ታዲያ ምን አደረገ? በአርባዎቹ ዕድሜው አጋማሽ የሕክምና ትምህርት ቤት ገብቶ ሐኪም ሆነ። የሞተው በ2025 በ90 ዓመቱ ነው፤ ከስኳር ጋር ከሰባ ዓመት በላይ ኖሮ።

እሱ የሰበከውን ኃይል ሰጪ ምግብን እጅግ የመቀነስ አመጋገብ እዚህ አልሰብክም። ሥጋና ዓሣ እንደልብ ለሚገኝበት አገር የተባለውን ባንጃ ላይ መጫን ያንኑ የብሮኮሊ ወረቀት በሌላ ቀለም መጻፍ ነው። ከእሱ የምወስደው ዘዴውን ነው። ዘዴው ለፋርማሲ ሀብታም ብቻ የተሰጠ አይደለም፤ ደብተርና እርሳስ ያለው ሁሉ ይችለዋል።

«የሀብታም በሽታ» የሚሉት ተረት

አንዳንዱ «ገጠር ውስጥ ስኳር ምን ይሠራል? የጠገበ ሰው በሽታ ነው» ይላል። ይህን ተረት ያፈረሱት ሩቅ አገር ያሉ ሰዎች አይደሉም፤ እዚሁ ጎንደር ያሉ ሐኪሞች ናቸው። ፕሮፌሰር ሺታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው በጎንደር ዙሪያ ያለውን የስኳር ሕክምና ከሆስፒታል ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች አውርደው፣ ነርሶች እንዲከታተሉት በማድረግ ለዓመታት ሠርተዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 ዲያቤቶሎጂያ በተባለው መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ ያነሱት ጥያቄ ዓለምን ያነጋገረ ነው፦ በገጠር ኢንሱሊን ከሚፈልጉት ታማሚዎች ብዙዎቹ ቀጫጭን፣ ድሃ ገበሬዎች፣ በተለይም ወንዶች ናቸው፤ ይህ በልጅነት ከደረሰ የምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ ሌላ ዓይነት ስኳር ይሆን? ዓለም ለዓመታት ይህን ጥያቄ ወደ ጎን ትቶት ኖሮ በ2017 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ባንኮክ ባደረገው ጉባኤ ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን ስኳር «ዓይነት አምስት» ብሎ ዕውቅና ሰጠው።

ይህ ለጉዳያችን ምን ያደርጋል? ብዙ ያደርጋል። ረሃብ ቆሽቱን ለጎዳው ሰው «ምግብ ቀንስ» ማለት ምክር አይደለም፤ ሁለተኛ ረሃብ ነው። ያ ሰው የሚያስፈልገው ኢንሱሊንና በቂ ምግብ ነው፤ በዚያም መካከል ስኳሩ መቼ እንደሚወርድ የሚያስጠነቅቀው ነገር። ኢንሱሊን ወግቶ እርሻ ለሚውል፣ ምሳው ለሚዘገይበት ገበሬ ትልቁ አደጋ ከላይ ሳይሆን ከታች ነው።

ፌዴሬሽኑ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ግምት በኢትዮጵያ ከስኳር ጋር የሚኖሩ አዋቂዎች ወደ 1.9 ሚሊዮን ይደርሳሉ። ከነዚህ ውስጥ ስንቱ አዲስ አበባ ቦሌ ያለ ባለመኪና፣ ስንቱ ደግሞ ጀርባው ላይ ሞፈር የተሸከመ እንደሆነ ሳናውቅ «የሀብታም በሽታ» እያልን መኖር ያሳፍራል።

ለመቃወም የሚነሳው ነገር

ሁለት ጠንካራ ተቃውሞዎች አሉ፤ ሁለቱንም ላድበስብሳቸው አልፈልግም።

የመጀመሪያው ሳይንሳዊ ነው። አሜሪካ ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ ኢንሱሊን የማይወስዱ 450 የዓይነት ሁለት ታማሚዎች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት አለ። ገሚሶቹ በየቀኑ ቤታቸው ይለካሉ፣ ገሚሶቹ አይለኩም። ከዓመት በኋላ በስኳር ቁጥጥራቸው መካከል ልዩነት አልታየም። ታዲያ ለምን ገንዘብ እናባክናለን?

እኔ ጥናቱን የምቃወም አይደለሁም፤ ይልቁንም የምጠቅሰው የሚደግፈኝ ስለሆነ ነው። በቀን አንዴ ለክቶ ቁጥሩን አይቶ መተኛት ስኳር አይቀንስም። ሚዛን ላይ መቆም ማንንም አላከሳም። የሚጠቅመው ቁጥሩ ለጥያቄ መልስ ሲሆንና መልሱ በማግሥቱ ገበታውን ሲለውጥ ነው። ለዚህም ነው ኢንሱሊን የማይወስድ ሰው በየቀኑ ይለካ የማልለው። ሁለትና ሦስት ሳምንት ገበታውን ይፈትሽ፤ ከዚያ አዲስ ምግብ ሲገባ፣ ጾም ሲጀመር፣ መድኃኒት ሲቀየር፣ ሲታመም ብቻ ይመለስበት። አንድ ዕቃ 50 ስትሪፕ በብልሃት ከተያዘ ብዙ ነገር ያስተምራል። ኢንሱሊን ለሚወጋ ሰው፣ በተለይ ለልጅ፣ ነገሩ ሌላ ነው፤ እሱ ሳይለካ መኖር የለበትም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የገንዘብ ነው። «ኢንሱሊኑ ራሱ በሚጠፋበት አገር ስለ ስትሪፕ ታወራለህ?» ተገቢ ቁጣ ነው። ስትሪፕ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ነው፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ገበያው ሲለቀቅ የብር አቅም ምን እንደሆነ ሁላችንም አይተናል። ይሁን እንጂ ኢንሱሊንና መለኪያ ተፎካካሪዎች አይደሉም። ያለ መለኪያ ኢንሱሊን መውጋት ፈረስን ያለ ልጓም መጋለብ ነው፤ ለአዊ ሰው ይህን ማብራራት አያስፈልገኝም። የዓለም ጤና ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ2022 አገሮች ኢትዮጵያን ጨምሮ እስከ 2030 እንዲደርሱባቸው ካስቀመጣቸው ግቦች አንዱ ሁለቱን አንድ ላይ ያሰረ ነው፤ ዓይነት አንድ ስኳር ካለባቸው ሰዎች መቶ በመቶው አቅማቸው የሚፈቅደው ኢንሱሊንና በቤት የሚለኩበት መሣሪያ እንዲያገኙ። «እና» የምትለዋን ቃል አስምሩባት። ኢንሱሊን እና መለኪያ።

ለሚለኩ ሰዎች ጥቂት ነገር

ይህን የምጽፈው ከሐኪማችሁ ምክር በላይ ሳይሆን አብሮ እንዲሄድ ነው።

እጃችሁን በውሃና በሳሙና ታጠቡና አድርቁ። ማር ወይም ብርቱካን የነካ ጣት ደማችሁን ሳይሆን ማሩን ነው የሚያስቆጥረው። የጣቱን ጫፍ መሐል ሳይሆን ጎኑን ውጉ፤ ሕመሙ ይቀላል። የስትሪፑን ዕቃ ክዳን ወዲያው ግጠሙ፤ እርጥበት ያበላሸዋል፤ በእንጅባራ ክረምት ደግሞ እርጥበት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። የአገልግሎት ጊዜውን ሳታዩ አትግዙ።

መውጊያውን ለማንም አታውሱ፤ ለባልም፣ ለሚስትም፣ ለልጅም። የጉበት ቫይረስ በዚህ መንገድ ይተላለፋል።

አንድ ቁጥር አይቶ መደናገጥ አያስፈልግም። ጥሩ የሚባለው መሣሪያ እንኳ እስከ 15 በመቶ ከፍና ዝቅ ሊል ይፈቀድለታል። 160 እና 172 ያው ናቸው በሉት። የምትፈልጉት ከ140 ወደ 250 የሚዘለውን ነው።

ለብዙ አዋቂ የሚመከረው ከምግብ በፊት ከ80 እስከ 130፣ መብላት ከተጀመረ ሁለት ሰዓት ገደማ ላይ ከ180 በታች ነው፤ ለሽማግሌና ሌላ ሕመም ላለበት ሐኪም ላላ ሊያደርገው ይችላል። ከ70 በታች ከሆነ ግን ለነገ አይባልም። ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ መጠጣት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግሞ መለካት፣ ከዚያ ምግብ መብላት። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አትስጡት፤ ወደ ሕክምና ሩጡ። ቁጥሩ ከ300 በላይ ሆኖ አልወርድ ካለና ማስመለስ ከመጣም እንዲሁ።

ቁጥር አይታችሁ በራሳችሁ መድኃኒት አትቀንሱ፣ አትጨምሩ። ደብተሩን ይዛችሁ ለሐኪሙ አሳዩት። የእናቴ ሐኪም ደብተሯን ባየ ጊዜ ያን ያወረዳትን ክኒን ለወጠላት። ደብተሩ ባይኖር ኖሮ በባዶ ሆድ የተለካው ቁጥር ከፍ ብሎ ስለነበር ክኒኑ ሊጨመርባት ይችል ነበር።

ስለ ጾምም አንድ ቃል። እናቴ ጾም ፍቺ ቢሏት አትሰማም። የተፈታው በንስሐ አባቷ ነው። «ልጄ፣ መድኃኒት የምትውጪ ከሆነ በሰዓትሽ ብዪ፤ ከጥሉላቱ ተከልከዪ፣ ይበቃሻል» አሏት። ያን ቃል ሐኪም ቢናገረው ይህን ያህል አይሠራም ነበር። ካህናቶቻችን፣ በረመዳንም ኢማሞቻችን፣ በዚህ ጉዳይ ነፍስ የሚያድን ሥልጣን እጃቸው ላይ አለ።

ምን ይደረግ?

ጠያቂ ሆኖ መቅረት ስለማልወድ ሦስት ነገር ላስቀምጥ።

አንደኛ፣ ስትሪፕ እንደ መድኃኒት ይቆጠር። ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን እ.ኤ.አ. በ2011 በ13 ወረዳዎች ሲሞከር አንዱ የሙከራ ወረዳ የእኛው ጎረቤት፣ የዳንግላ መንገደኛ በዱርቤቴ በኩል የሚያልፍበት ደቡብ አቸፈር ነበር። ይህ አካባቢ በመድን ጉዳይ ከማንም በፊት የተማረ ነው። ኢንሱሊን ለሚወጉ ሰዎች በወር የተወሰነ ስትሪፕ፣ ክኒን ለሚወስዱት ደግሞ ሕመሙ በታወቀበት ጊዜ አንድ ዕቃ በመድኑ ይሰጥ። ለተቆረጠ እግርና ለኩላሊት እጥበት ከሚወጣው ጋር አስተያዩትና ፍረዱ።

ሁለተኛ፣ መለኪያው ወደ ቀበሌ ይውረድ። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው አሉን። እናቶችን ከወሊድ ሞት፣ ሕፃናትን ከወረርሽኝ ለመታደግ በር እያንኳኩ የሠሩ ሴቶች ናቸው። አንድ መለኪያ፣ በቂ ስትሪፕና የአንድ ሳምንት ሥልጠና ቢሰጣቸው ከባንጃ ወይም ከፋግታ ለኮማ ገጠር ተነስቶ ከተማ ለአንድ ቁጥር የሚመጣ ሰው አይኖርም። ጎንደር በነርሶች ያሳየው መንገድ ይህ ነው፤ አንድ ደረጃ ማውረድ ብቻ ነው የሚቀረው።

ሦስተኛ፣ የብሮኮሊው ወረቀት ይቀደድ። በምትኩ የዳጉሳ እንጀራ፣ የገብስ በሶ፣ ድንች፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ ጠላና አረቄ በስማቸው የተጻፉበት ምክር ይዘጋጅ፤ በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በአዊኛም። እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ አለን። ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ሲያጡ አያለሁ፤ የአዊ ገበታ በአዊ ሰው ደም ውስጥ የሚያደርገውን መለካት ከዚህ የተሻለ ምን ርዕስ አለ?

እስከዚያው ግን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል ያገራችን ሰው። ዛሬ ደግሞ ስኳሩን ሰው ሳይደብቀው የሚደበቅበት ዘመን ነው፤ ካልለካው አያየውምና። ቤታችሁ ታማሚ ካለ በዚህ ወር ለበዓል ከምታወጡት ቀንሱና አንድ መለኪያ ከስትሪፑ ጋር ግዙለት። አስቀምጣችሁለት አትሂዱ፤ አንድ ሳምንት አብራችሁት ተቀመጡ፣ ጻፉለት፣ አብራችሁት ጠይቁ።

ባለፈው እሑድ ለመጠየቅ ሄጄ ነበር። እናቴ ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ድንች ትልጥ ነበር። «ስንት ነው ዛሬ የምትበዪው?» አልኳት። ቀና ሳትል ሁለት ጣቷን አሳየችኝ።